ድንቢጧ የያዘችው ኮት

ቁስቋም ሰፈር አያ የሻውን የማያውቅ የለም፤ ስለ ጥቁር ኮታቸውም ያልሰማ የለም። ከኮላ ድባ ወደ ጎንደር ከገቡ ሠላሳ ዓመት ሲሆናቸው ኮቱን የለበሱት ለሦስት ሰርግና ለአንድ ተዝካር ብቻ ነው። ምስጢር የምትባለው ሴት ልጃቸው ልትዳር ሳምንት ሲቀራት ሊለኩት ተነሡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ባንቺአየሁ ብል እንዳይበላው ብለው ከፋሲካ ጀምሮ በረንዳው ላይ ሰቅለውት ነበር። አያ የሻው እጃቸውን ወደ ኪሱ ሲሰዱ ኪሱ ነከሳቸው።

ነከሳቸው ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ አንዲት ድንቢጥ ጣታቸውን ጠቅ አድርጋ በረረች። እሳቸው ግን እባብ መስሏቸው ከበረንዳው ዘለው ወረዱ። ነገሩ ሲገባቸው አፈሩ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ለመቆጣት ይቸኩላልና በትራቸውን አነሡ። የጎረቤታቸው የአቶ ዐብደላ ልጅ፣ የሳይንስ መምህርቷ ሒክማ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአጥሩ በኩል ያየቻቸው ይህን ጊዜ ነበር።

«እንደምን ዋሉ አያ የሻው? ምነው በትር አነሡ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ሌባ ይዤ ነው።»

«የት አለ?»

«ኪሴ ውስጥ!»

ሒክማ ገብታ ኪሱን ገለጥ ብታደርግ ላባ ያላወጡ ሦስት ጫጩቶች አፋቸውን ከፈቱባት።

«ሌባስ አይደለችም፤ ቤት ያጣች እናት ነች» አለች።

«ጎንደርን በሞላ አጥታ? ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል እንጂ በሰው ኪስ ትጮኻለች አልተባለም!»

«አገሯን ማን ወሰደባት? አምና እርስዎ የጽዱን ዛፍ ቆረጡት። የካቡን ቀዳዳ በሲሚንቶ ደፈኑት። የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ለወጡት።»

«ቤቴን ሳድስ ከድንቢጥ ፈቃድ ልጠይቅ ኖሯል?»

«ፈቃድስ ይቅር፤ ምትክ ቦታ ግን ይገባታል።»

አያ የሻው ራሳቸው በአንድ ወቅት ለመንገድ ተብሎ ከይዞታቸው ተነሥተው ምትክ ቦታ የጠበቁ ሰው ናቸውና ቃሉ ሆዳቸውን ነካው። በትሩን ዝቅ አደረጉ።

«ሸጋ ብለሻል። ግን ሰርጉ እሑድ ነው። የአማቼ ወገኖች ፊት ምን ለብሼ ልቁም? ጎጆዋን ከኮቱ አውጥቼ መሬት ላይ ላኑርላት።»

«ድመት ትበላቸዋለች። ለመብረር ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የሚቀራቸው።»

«ለመሆኑ ምን ትጠቅመኛለች?»

«ጌሾዬን ትል ጨረሰው ሲሉ አልነበር? እኔ ጠላ አልጠጣም፤ ለጌሾዎ ግን አዝናለሁ። መቁጠሪያዎ ኪስዎ ውስጥ ነው?»

«ኪሴማ ተይዟል። አንገቴ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ነገ ጧት ቁጭ ይበሉና ትል ይዛ በመጣች ቁጥር አንድ ፍሬ ያሳልፉ።»

አያ የሻው በማግስቱ ለመርታት ብለው ተቀመጡ። አርባ አንዱ ፍሬ ፀሐይ ሳይበረታ አለቀ፤ እንደገና ጀመሩ። ከልማድ የተነሣ ፍሬ ባለፈ ቁጥር «እግዚኦ» ስለሚሉ፣ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ባላቸው በልጃቸው ሰርግ ዋዜማ ሊመንኑ ነው ብለው ደነገጡ።

ሦስተኛውን ዙር ሲጀምሩ አንደኛው ጫጩት እግሩን ሲጎትት አዩና ሒክማን ተጣሩ። የማዳበሪያ ከረጢት ክር ተጠምጥሞበት ነበር። ሒክማ በመቀስ ቆርጣ ፈታችው።

«ይህ ክር አይበጠስም፤ እግር ይቆርጣል። እናቲቱ ለጎጆ የምታነሣው ያገኘችውን ነው።»

አያ የሻው ከረጢቱን ቀደው አጥር ያሰሩበት ራሳቸው ናቸው። የዚያን ጊዜ ከልባቸው አዘኑ።

«በይ ንገሪኝ፤ ምን ላድርግ?»

«የናይለን ክር ይሰብስቡ። በምትኩ ደረቅ ሣርና አጫጭር የጥጥ ብጣሽ ይተዉላት። ቅል በስተው ድመት ከማይደርስበት፣ ፀሐይና ዝናብ ከማይመታው ጣሪያ ሥር ይስቀሉ፤ ቀዳዳው ሁለት ጣት ቢያስገባ ይበቃል። እሷም ኪራይዋን በትል ትከፍላለች።»

በዚያው ሳምንት ሦስት ቅል ተሰቀለ። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ የአያ የሻው ጌሾ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ግን እሱም ቅል ፍለጋ ወጣ።

እሑድ ዕለት አያ የሻው ከአቶ ዐብደላ የተዋሱትን ኮት ለብሰው፣ እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀርቶ፣ እንግዳ ተቀበሉ። የሙሽራው አባት አቶ ታከለ አላስቻላቸውም።

«ምነው፣ ያ ዝነኛው ኮትስ?»

«እኔ አንድ ልጅ ልሸኝ ስነሣ እሱ ሦስት ያሳድጋል» አሉ አያ የሻው። ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ፣ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ጫጩቶቹ በሁለተኛው ሳምንት በረሩ። አያ የሻው ኮቱን አወረዱ፣ አራገፉ፣ ባዶ ኪሱን ዳሰሱ፤ ከዚያም መልሰው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት።

«ምነው፣ አይለብሱትም?» አሉ ወይዘሮ ባንቺአየሁ።

«ተዪው» አሉ፣ የምስጢርን ባዶ ክፍል እያዩ። «ልጅ እኮ ለጥየቃ መምጣቱ አይቀርም።»