የማያርፈው ማራገቢያ

(ደብረ ብርሃን፣ ከሰዓት በኋላ። ዘርፌ ሰነድ ስትተረጉም የምትውልበት የቤቷ ክፍል፤ የኮምፒውተር ጠጋኙ ይርጋ የሣጥኑን ጎን ከፍቶ ተንበርክኳል።)

ዘርፌ፦ አቧራ ነው በለኝና ጠርገህልኝ ሂድ፤ ነገ የማስረክበው ሥራ አለኝ።

ይርጋ፦ እትዬ ዘርፌ፣ አቧራውንማ ጠረግኩት። እስቲ አሁን ስሚው።

ዘርፌ፦ ያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል።

ይርጋ፦ እሱን እኮ ነው የምልሽ። ማራገቢያው ደህና ነው። የሚጮኸው ሙቀቱ አላሳርፍ ብሎት ነው። እጅሽን አስጠጊ፤ እንዳትነኪው ብቻ።

ዘርፌ፦ ውይ፣ ይፋጃል! ዛሬ እኮ አንድ መስመር አልጻፍኩበትም።

ይርጋ፦ እንዲህ መሆን የጀመረው መቼ ነው?

ዘርፌ፦ ግዛቸው ሰመራ ከሄደ ወዲህ መሰለኝ። ባለቤቴ እዚያ መንገድ ሥራ ላይ ነው። ሊሄድ ሲል ኮምፒውተሩን ራሱ ነው ያስተካከለልኝ። ካሜራውንም ያን ጊዜ ገጠመው፤ ሶስና አባቷን እያየች እንድታወራ ብሎ።

ይርጋ፦ ታወራለች?

ዘርፌ፦ ኔትወርኩ እምቢ ይላል ብሎ በስልክ ብቻ ነው የሚያገኛት። ምነው?

ይርጋ፦ ምንም። ቆይ፣ ውስጡ ምን እየሠራ እንደሆነ ልየው… ይኸው። አንቺ ምንም አልከፈትሽም፤ አንድ ፕሮግራም ግን ጉልበቱን ሁሉ ይዞታል። ስሙን ታውቂዋለሽ?

ዘርፌ፦ የፕሪንተር ነገር አይደል?

ይርጋ፦ ፕሪንተር የታለሽና?

ዘርፌ፦ ታዲያ ቫይረስ ነዋ።

ይርጋ፦ ቫይረስ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ይሄ ምስልና ድምፅ ይቀርጻል፤ የቀረጸውን ወዲያው ወዲያው ይልካል። ቀኑን ሙሉ። ለዚህ ነው የሚግለው። ካሜራው ሲሠራ ደግሞ ትንሽ መብራት ይበራል። መብራቱን ጥቁር ቀለም የቀባው ማነው?

ዘርፌ፦ እሱ ነው። ዓይንሽን እንዳይወጋሽ ብሎ… ይርጋ፣ አነጋገርህ ደስ አላለኝም።

ይርጋ፦ ይሄን ከመናገሬ በፊት የካሜራውን ገመድ ነቅዬዋለሁ። አሁን አያይም፣ አይሰማም።

ዘርፌ፦ ሌላ ሰው ሰርጎ ገብቶ ይሆናላ! አንተ ግዛቸውን አታውቀውም። ሰመራ ሆኖ እንኳ ሐሳቡ እኔ ላይ ነው። ሻሽ ሳስር «ራስሽን አመመሽ እንዴ?» ብሎ ይደውላል። ምሳ ሳልበላ ከዋልኩ ያውቃል። ስንዱ ልትጠይቀኝ ስትመጣ…

ይርጋ፦ እህትሽ ስትመጣስ?

ዘርፌ፦ ገና ሳትቀመጥ ይደውላል። «ምን ፈልጋ መጣች?» ይለኛል።

ይርጋ፦ እንዴት አወቀ ብለሽ አልጠየቅሽም?

ዘርፌ፦ መዋደድ ነው እል ነበር። ብዙ ዘመን አብሮ የኖረ ሰው እንዲህ ይተዋወቃል እል ነበር።

ይርጋ፦ ቁጭ በይ እትዬ።

ዘርፌ፦ እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም። …ስልኬ ነው። እሱ ነው፣ ይርጋ፣ እሱ ነው!

ይርጋ፦ አንሺው። ድምፅሽን አትቀይሪ።

ዘርፌ፦ ሄሎ… ደህና ነኝ። …ምኑ ጠፋ? …አይ፣ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ነው። …የቱ ሞተር? …ጠጋኙ ነዋ፣ ከስንዱ ጋር የተማረው ይርጋ። …ብቻውን ነው። …እሺ። እሺ አልኩህ እኮ። ቻው።

ይርጋ፦ ምን አለሽ?

ዘርፌ፦ ኮምፒውተሩን ለምን ነቀልሽው አለኝ። ቀጥሎ በር ላይ የቆመው ሞተር የማን ነው አለኝ።

ይርጋ፦ የኔ ሞተር?

ዘርፌ፦ ካሜራው አይቶት ይሆናል።

ይርጋ፦ ሞተሬ ያለው ውጭ፣ አጥሩ ሥር ነው። ካሜራው የሚያየው ወንበርሽንና ግድግዳውን ነበር። ቆይ፣ ዋይፋይሽን ልየው። …ኮምፒውተሩ አለ። ያንቺ ስልክ አለ። ሌላ አንድ ስልክም አለ፤ የኔ አይደለም። ፕሮግራሙ ሲልክ የነበረው ወደዚያ ነው።

ዘርፌ፦ ሰመራ ድረስ?

ይርጋ፦ ሰመራ ያለ ስልክ እዚህ አይገኝም። ያንቺ ዋይፋይ ቢበዛ ጎረቤት ድረስ ቢሄድ ነው።

ዘርፌ፦ የእማማ አስካለ ፎቅ…

ይርጋ፦ ምን አለው?

ዘርፌ፦ ላይኛው ክፍል ተከራየ ብለውኝ ነበር። ተከራዩን አንድም ቀን አላየሁትም። ልብስ አያሰጣም፣ መጋረጃ አይከፍትም። መስኮቱ ግን የኛን በር ያያል።

ይርጋ፦ እትዬ… ይመታሻል?

ዘርፌ፦ ክረምት ላይ እጄ የተሰበረው ከደረጃ ወድቄ ነው ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ይርጋ፣ እዚህ ቤት ደረጃ አይተሃል?

ይርጋ፦ ነይ በሞተር ላድርስሽ። አሁኑኑ።

ዘርፌ፦ ሞተርህ ከተነሳ ያየዋል። ሶስናን ከትምህርት ቤት ሳላወጣት ይቀድመኛል።

ይርጋ፦ ለፖሊስ ልደውላ።

ዘርፌ፦ ትደውላለህ፤ መጀመሪያ ልጄ እጄ ትግባ። ካሜራውን መልሰህ ሰካው። ወንበሬ ላይ ተቀመጥ፤ ፍታ፣ ግጠም፣ አልፎ አልፎ ወደ ኩሽና ዞረህ «እትዬ» እያልክ አውራኝ። እኔ በጓሮ በኩል እወጣለሁ፤ ያኛው መንገድ ከመስኮቱ አይታይም።

ይርጋ፦ መጥቶ በር ቢያንኳኳስ?

ዘርፌ፦ ሰመራ ነኝ ያለ ሰው በምን አፉ ያንኳኳል? ይልቅ ካሜራውን ሳትሰካ ጫማዬን ላውልቅ፤ ኮቴዬ እንዳይሰማ። ስንዱ ቤት እንደደረስን እደውልልሃለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን፣ በናትህ ይርጋ፣ ይሄ ኮምፒውተር እንዳይሠራልህ።