«በሁለት እጅ አትክደኑ» ይሉ የነበሩት ሐኪም

ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ዓመትና ቀን ብሳሳት ቤተሰቡ ያርመኝ፣ እናንተም ይቅር በሉኝ። ሟቹ ታናሽ ወንድሜ ቢሆኑም በዚህ ወረቀት አንቱ እላቸዋለሁ።

ወንድሜ ከአናጢ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን በሦስተኛነት ተወለዱ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የአባታችንን መጋዝ ስይዝ፣ እርሳቸው ትምህርታቸውን ገፍተው በሃያ ስድስት ዓመታቸው ሐኪም ሆኑ፤ በአንድ ሆስፒታልም ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ። የላቦራቶሪ ባለሙያ የነበሩትን ባለቤታቸውን እዚያው ተዋውቀው አግብተው፣ ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ግድም፣ ከአንድ በሽተኛ ደም ቀድተው ሲጨርሱ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን እስከ አፉ ሞልቶ አገኙት። መርፌው የጽዳት ሠራተኛዋን እንዳይወጋት አስበው የመርፌውን ክዳን በሁለት እጃቸው ሊመልሱ ሲሉ፣ ጫፉ ስቶ የገዛ አውራ ጣታቸውን ወጋቸው። በውኃና በሳሙና ታጥበው ወደ ቀጣዩ በሽተኛ አለፉ እንጂ ለማንም አልተናገሩም፤ ሐኪም ተወጋ ማለት በዚያ ቤት እንደ ነውር ይቆጠር ነበርና። በዚያ መርፌ በተጋባባቸው በሽታ ጉበታቸው መታመሙ የታወቀው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየሰኞው ስብሰባ ጣታቸውን እያሳዩ፣ መርፌ ክዳኑ ሳይመለስ ወዲያው እንዲጣል፣ ሣጥኑም ሳይሞላ እንዲለወጥ ለመኑ። ነርሶቹ ሰሟቸው። ሐኪሞቹ ግን «ዶክተር ክዳን መጡ፣ እጃችሁን ደብቁ!» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። ለአስተዳደሩ አራት ጊዜ ጻፉ፤ አራቱንም ጊዜ «እየታየ ነው» ተባሉ። እኔ ብዙ ያልተማርሁ ሰው ነኝ፤ ሆኖም የሞላ ሣጥን ለመለወጥ ስንት ዓመት መታየት እንዳለበት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ይህን እዚህ ማንሣቱ ይገባ እንደሆነ ፈርቼ ባለቤታቸውን ጠየቅሁ፤ «ይነበብ» አሉኝ።

የመጨረሻ ወሬያቸውን የሰማሁት ባለፈው ሐሙስ ከታላቋ ልጃቸው ነው። በዚያው ሆስፒታል ታመው ተኝተው ሳሉ፣ አንድ ወጣት ሐኪም ደማቸውን ቀድቶ ከአልጋው ላይ የመርፌውን ክዳን ሊያነሣ ሲል፣ መናገር የተሳናቸው ወንድሜ እጃቸውን እንደ ምንም ጎትተው ክዳኑን ጨበጡት። ሐኪሙ ሕመም ያንቀጠቀጣቸው መስሎት፣ መርፌውን እንደያዘ በሌላው እጁ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቅቆ ክዳኑን ወሰደና በሁለት እጁ ገጠመው።

በማግስቱ አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንድ የልጅ ልጃቸውና እኔ ታላቃቸው ቀርተናል። አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ፤ የዚያን ወጣት እጅም ይጠብቅ።