ወንጌሉ ስለ ላም ምን አለ?

ወደ ላሊበላ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው ላለችው የማያውቋት ወጣት ያወሩላታል።

«ጎረቤቴ መንታ ወለደችና ጡቷ ለሁለት አልበቃ አለ። እኛ ሁለት የሚታለቡ ላሞች ነበሩን፤ አንዷን ነድቼ ሰጠኋት።»

«ባለቤትዎን ሳያማክሩ?»

«ሳላማክር። ‹ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል ይላል ወንጌሉ› ስለው፣ ‹ስለ ልብስ እንጂ ስለ ላም አላለም› ብሎ አኮረፈኝ።»

«ከዚያስ፣ እማማ?»

«በነጋታው ድርቆሽ ተሸክሞ ሲወጣ አየሁት። ‹ወዴት ነው?› ስለው፣ ‹ላም ያለ ድርቆሽ ይሰጣል እንዴ? አንቺ መስጠት አታውቂበትም› አለኝ።»

«ታዲያ ሕፃናቱስ?»

«ወፍረው ወፍረው መታቀፊያ ጠፋ፣ ልጄ።»

እኔ ከገበያ የገዛኋቸውን ሁለት ጋቢዎች ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ቁልቁል አየኋቸው።