የሦስት ደቂቃው ቁልፍ

የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ የተሠራ የክሬን መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ፤ ከክሬኑ ከወደቀ ባልዲ በፈሰሰ የቀለጠ ብረት ታናሽ ወንድሙን በልስቲን ባጣ በአራተኛው ቀን የፈረቃ ኃላፊው ደርበው የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻኑን ምንተስኖትን አንቆ ከግድግዳ አጣብቆታል፤ በሌላው እጁ የብረት ዘንግ ይዟል።

ደርበው፦ ዝም በል! አንድ ቃል ከጨመርክ ጥርስህን ነው የማራግፈው።

ምንተስኖት፦ አንዱን አራግፈኸዋል እኮ፣ ጋሽ ደርበው። ጉሮሮዬን ልቀቀኝና ልንገርህ።

ደርበው፦ ምኑን ነው የምትነግረኝ? በልስቲን ከወለሉ ላይ በአካፋ ነው የለቀምነው። እናቴ ሳጥኑን ክፈቱልኝ ስትል ምን እንዳደረግኋት ታውቃለህ?

ምንተስኖት፦ አላውቅም።

ደርበው፦ ገፍትሬ ጣልኋት። የገዛ እናቴን፣ ለቀስተኛው ፊት!

ምንተስኖት፦ ባልዲው የወደቀው በገመዱ ምክንያት አይደለም።

ደርበው፦ እሱን አውቃለሁ። ገመዱን ቀይረው ክሬኑን ይኸው ዛሬ አስነሥተውታል። ገመዱ ካልሆነ ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ያንተ ነው። እንካ!

ምንተስኖት፦ ወይኔ ጎኔን!

ደርበው፦ ገና ነው። ሌላም ጎን አለህ።

ምንተስኖት፦ ምታኝ፣ አልከላከልም። ግን ከታች በሪሞት የሚነዱትን ክሬን ላስቆም ስወጣ ነው በሩ ላይ ያነቅከኝ። ያን ላፕቶፕ እየው።

ደርበው፦ ቁጥር ነው።

ምንተስኖት፦ ክሬኑን የምትመራው ጥፍሬን የምታህል ቺፕ ናት። ውስጧ ብዙ ክፍል አለ፤ አንዱ ክብደት ያነባል፣ አንዱ ፍሬን ያዛል፣ ቀኑን ሙሉ መልእክት ይላላካሉ። መካከላቸው ጠባቂ አለች፤ ሥራዋ ማዳመጥ ብቻ ነው። የተላከው ካልደረሰ ወይም ተዛብቶ ከደረሰ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ሞተሩን ቆርጣ ክሬኑን ታቆማለች።

ደርበው፦ ያቺ የምትጮኸው? ባለ ቀይ መብራቷ?

ምንተስኖት፦ እሷ።

ደርበው፦ ውሸታም ናት ብለኸኝ የለም? እዚሁ በር ላይ ቆመህ፣ ሳምቡሳህን እየገመጥክ፣ «ሙቀት ሲነካት ትቀባጥራለች፣ ተዋት» ያልከኝ አንተ አይደለህም?

ምንተስኖት፦ ነኝ።

ደርበው፦ ነኝ ይለኛል! ዓይኑን በጨው አጥቦ!

ምንተስኖት፦ ጣቴን... ጣቴን ረገጥከው... ብያለሁ። መዝገቧን ከፍቼ ሳላይ ነው ያልኩት። ዛሬ አየሁት። ባልዲው እስከወደቀበት ቀን ድረስ በአንድ ሳምንት አሥራ ሰባት ጊዜ አቁማችኋለች። አሥራ ሰባቱንም ጊዜ እውነቷን ነበር።

ደርበው፦ ታዲያ ያን ቀን የት ገባች? ለምን አላቆመችውም?

ምንተስኖት፦ አቁማው ነበር።

ደርበው፦ ውሸት!

ምንተስኖት፦ ገና ከምድጃው ሳይርቅ፣ በልስቲ ጋ ሳይደርስ አቆመችው። ከዚያ በቁልፍ ተነሣ።

ደርበው፦ ...ብረቱ ሊረጋ ነበራ! ባልዲ ውስጥ የረጋ ብረት ፈልፍሎ ማውጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅ አንተ በምን ታውቃለህ? ወንበር ላይ ተቀምጠህ!

ምንተስኖት፦ ቁልፉ ሲጠመዘዝ ጠባቂዋ ሦስት ደቂቃ ዝም ትላለች። ያቺ ሦስት ደቂቃ ባልዲውን እዚያው በቆመበት ወደ መሬት እንድታወርዱባት ነው የተሰጠችው። እናንተ ባልዲውን ይዛችሁ አዳራሹን አቋረጣችሁባት።

ደርበው፦ ሁልጊዜ ነው የምናቋርጠው! ሦስት ደቂቃ ይተርፈናል። በልስቲ ራሱ ከታች ሆኖ በሰዓቱ ይቆጥርልኝ ነበር። እየሳቀ።

ምንተስኖት፦ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ለፍሬኑ «ያዝ» የሚል መልእክት ተልኳል። አልደረሰም። ያን ጊዜ የሚያዳምጥ አልነበረም።

ደርበው፦ ቁልፉን ማን ሰጠኝ? በል ንገረኝ! በደንቡ ከአንተ ኪስ አይወጣም!

ምንተስኖት፦ እኔ ሰጠሁህ። በጮኸች ቁጥር ደረጃውን መውጣትና መውረድ ሰለቸኝ። ለዚህ ነው የማልከላከለው።

ደርበው፦ እገድልሃለሁ።

ምንተስኖት፦ ትችላለህ። ግን ሰማህ?

ደርበው፦ ጩኸቷ ነው።

ምንተስኖት፦ አቆመችው ማለት ነው። በመስኮቱ እይ፣ ባልዲው የት ነው?

ደርበው፦ ሙሉ ነው... አየር ላይ። ሥሩ ስድስት ሰው አለ። ወደ እኔ አንጋጠዋል።

ምንተስኖት፦ ምን ይሉሃል?

ደርበው፦ ቁልፍ። «ደርበው ቁልፍ፣ ሊረጋብን ነው» ነው የሚሉት።

ምንተስኖት፦ አንተስ ምን ትላቸዋለህ?

ደርበው፦ ...ውጡ! ከሥሩ ውጡ! አትሰሙም? ይርጋ! ድንጋይ ይሁን! ውጡ ብያለሁ!

ምንተስኖት፦ ወጡ?

ደርበው፦ እየሰደቡኝ ወጡ።

ምንተስኖት፦ በል ዘንጉን አስቀምጥና ቁልፉን ስጠኝ፣ ጋሽ ደርበው።

ደርበው፦ አንገቴ ላይ ነው። እንዳይጠፋብህ ብሎ ከማተቤ ጋር የቋጠረልኝ በልስቲ ነው። ቋጠሮው አልፈታ አለኝ።

ምንተስኖት፦ ጎንበስ በል፣ እኔ ልፍታልህ።

ደርበው፦ አትፍታው። ከነማተቡ በጥሰው።