ዓሣ ይታረዳል እንዴ?

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ መንገድ የሚያሳይ ስልክ የለም። ትራክ ስትነዳ ያለህ ካርታ ነው፤ እኔ ደግሞ ጌታቸው ነበረኝ፣ ይሄ እዚህ የተቀመጠው ጌታቸው! እሱ ክርስቲያን፣ እኔ የወሎ እስላም፣ ትራኩን አብረን ገዝተን ከአትላንታ፣ ከኢስት ፖይንት እየጫንን አብረን እንነዳለን። ሥጋ እንግዲህ ለየብቻ ነው፣ ያው ታውቁታላችሁ። ሶላት ሲደርስ ግን መካ በየት በኩል እንደሆነ ካርታውን አይቶ፣ ፀሐይዋን አይቶ፣ «ጋሼ ሰይድ፣ ቂብላው በዚህ ነው» የሚለኝ እሱ ነው።

እና አንድ ዊንተር፣ በበረዶው ወራት፣ ጭነት ይዘን ሜይን ሄድን፣ የአሜሪካ ሰሜን ጫፍ። ታዲያ እኔ እየነዳሁ ኤግዚቱ፣ የአውራ ጎዳናው መውጫ፣ አመለጠን። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ነግሬዎታለሁ!» «አልነገርከኝም!» ቁጣዬን ታውቁት የለ? «አትላንታ ስንገባ ትራኩ ይሸጥ፣ እንለያይ!» አልኩ። «ይሸጥ!» አለ። ከዚያ ወዲያ ዝም። ቂብላውም ቀረ፣ በግምት ሰገድኩ።

ወደቡ ዳር ደረስን። ባሕሩ እንደ ቅቤ ረግቷል! ወላሂ፣ ጀልባዎቹ በረዶው ውስጥ ተተክለው ቀርተዋል። መጋዘኑም «የምናራግፈው ነገ ነው» አለን፣ ስንቃችንም አልቋል። ታዲያ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ በረዶው መሀል ቁጭ ብሎ፣ በረዶውን በስቶ በቀዳዳው ክር ሰዶ ዓሣ ያወጣል። «ካም ኦን! ካም ኦን!» አለን። ጌታቸው ሄደ። እኔስ? ባሕር ላይ በእግር? ሸሃዳዬን እያልኩ ተከተልኩት!

ሽማግሌው ክሩን ሰጠኝ። ሳብ ባደርገው ጣቴን የምታክል ዓሣ እየተንፈራገጠች ወጣች። እኔ እኮ የደጋ ሰው ነኝ፣ የሚንፈራገጥ ነገር እጄ ከገባ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ቢላዬን መዘዝኩና «ጌታቸው፣ ቂብላው በየት ነው?» አልኩ።

ያ ሁሉ መንገድ ትንፍሽ ያላለው ሰው በሳቅ በረዶው ላይ ወደቀ! «ኧረ ጋሼ! ዓሣ ይታረዳል እንዴ?» አንገቷን ብፈልግ፣ አንገት የላት! እኔም ሳቄ አመለጠኝ።

ሽማግሌው ያወጣውን ሁሉ ጠበሰልን፣ እና ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ሳህን በላን፤ ዓሣ የእስላም የክርስቲያን የለውማ! ያኔ ሆዴ ባባ። «ጌታቸው፣ ኤግዚቱን ነግረኸኝ ነበር። አጥፍቻለሁ» አልኩት። እሱ ዓሣውን መብላቱን ቀጠለ። ፈራሁ፣ ልጆቼ፣ ትራኩስ ይሸጥ፣ እሱን ማጣት ነው ያስፈራኝ። ታዲያ ፀሐይ ገብታ መግሪብ ሲደርስ፣ ሳልጠይቀው ተነሣና ጣቱን ወደ ባሕሩ ዘረጋ። «በዚህ ነው፣ ጋሼ።»

ትራኩም አልተሸጠ፣ እኔም እስከ ዛሬ ኮምፓስ ገዝቼ አላውቅ።

ጌታቸው፦ «ጋሼ፣ እንግዲህ ዛሬ ልናገረው። ደመና የሆነ ቀን እኮ እየገመትኩ ነበር የማሳይዎት።»

«በል ዝም በል አንተ! አላህ የሚያየው ኒያውን፣ ልብን ነው!»