ድስቱ የተማረው ትምህርት

ከኖርዝጌት በተሳፈርኩበት ባቡር አንዲት እናት አጠገቧ ለተቀመጡ ሽማግሌ ስልኳን ስታሳይ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«አባባ፣ ይዩማ! አስተማሪዎቹ የላኳቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ናቸው። ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ታሪክ፤ ልጄ ሁሉንም ኮምፕሊት አድርጓል!»

«ጎበዝ! መቼ አያቸው?»

«እሱማ የት ጊዜ አለው? ኳስ ልምምድ አለበት። ወጥ ስሠራ ድስቱ አጠገብ እኔ ነኝ የምከፍትለት።»

«አንቺ ቁጭ ብለሽ ታዪለታለሽ?»

«ኧረ እንግሊዝኛው ይፈጥንብኛል! ብቻውን ይለፈልፋል፤ ሲያልቅ አረንጓዴ ምልክት ይሰጣል።»

«ኦኬ፣ ፈተናውስ መቼ ነው?»

«ዛሬ! ከወደቀ ክረምቱን ሰመር ስኩል ነው የሚከርመው። ግን እንዴት ይወድቃል? ሁሉም አረንጓዴ ነው!»

«ታዲያ ልጄ፣ ድስቱን ነበር መላክ፤ ቁጭ ብሎ የተማረው እሱ ነው!»

«የባዮሎጂውን ቪዲዮ ክፈችልኝ» ብዬ ለእማዬ የጀመርኩትን ቴክስት ቀስ ብዬ ዲሊት አደረግሁት።