አራት ጣት በረዶ

በረዶው እንዳባራ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ዱላ ይዞ ደጄ መጣ። በቆሎአችን ሁሉ ተኝቷል፤ ምትክ ዘር እንዲሰጠን ለወረዳው ሪፖርት መጻፍ አለበት። ዱላውን ከቆርቆሮ ጣሪያዬ ሥር በተከመረው በረዶ ውስጥ ሰካና «ጉልበት ድረስ» ብሎ ጻፈ። «እሱ ከጣሪያ የተንሸራተተ ነው፤ ማሳ ውስጥ ለካ» አልኩት። ሦስት ቦታ ለካ፤ ሦስቱም አራት ጣት ሆነ።

«የአስቴር አባት፣ በአራት ጣት በረዶ ማን ዘር ይሰጠናል?» ብሎ ተቆጣ። ጎረቤቶቼም «የበረዶው ጠበቃ ነህ እንዴ?» እያሉ ሳቁብኝ። እኔ ግን ጉልበት የሚለው ካልተሰረዘ ምስክር ሆኜ አልፈርምም አልኩ። እያጉረመረመ ሰረዘው፤ ፈረምኩ።

በማግስቱ የወረዳው ባለሙያ ሲመጣ በረዶው ቀልጦ አልቋል። ወረቀታችንን አንብቦ «የሌላው ቀበሌ ሁሉ ጉልበት ድረስ ይላል። የእናንተ ለምን አነሰ?» አለ። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«ማሳ ውስጥ ስለለካን ነው። ግባና በቆሎውን እየው» አልኩት።

ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ የተሰበረውን አገዳ እያገላበጠ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ሲወጣ «የእናንተን አምኛለሁ። ዘሩ ሲመጣ ከዚህ እንጀምራለን» አለ።

ሊቀመንበሩ ፈጠን ብሎ «እኔም እኮ አራት ጣት ነው ብዬ ነበር» አለ።